የቅዳሜ ተራችን

ዕድሜዬን ሙሉ መወልወያ ስሸጥ ኖሬያለሁ። መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ የወለል ሰም፣ በረኪና፣ የሽንት ቤት ብሩሽ፤ ሶዶ ውስጥ ከእኔ ሱቅ ያልወጣ ባልዲ ካለ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው። ሱቋን አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ከፈታት፣ እኔ እዚሁ ተወልጄ ከባንኮኒው ኋላ አረጀሁ። ከሸጥኳቸው መወልወያዎች ግን አንዱን እንኳ ወለል ላይ አሳርፌ አላውቅም ነበር። እናቴ ቤት፣ መጥረጊያ የሚነካ ወንድ ጢም አያበቅልም ይባል ነበር። ጢሜ በቅሎ ከሸበተ በኋላም ይህን ሕግ የማፍረሻ ምክንያት አላገኘሁም።

ምክንያቱ በስተርጅና መጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት። ባሕር ማዶ የተጀመረች፣ ደመወዝተኛ ቄስም ፓስተርም የሌላት፣ አባላቷ ራሳቸው በየተራ የሚያስተምሩባት ናት። የሶዶው ማኅበር ቅርንጫፍ ነው የሚባለው፤ ባንክ ይመስል። መሪያችን በሳምንቱ ቀናት ፊዚክስ የሚያስተምር፣ በዕድሜ ከልጄ የሚያንስ የወላይታ ልጅ ነው። ጎረቤቶቼ እምነቴን ስቀይር ያን ያህል አልከፋቸውም። እምነቱ ስለሚከለክል ቡና መተዌን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉኝም፤ ሱቄ በር ላይ ቆመው፣ እየሰማኋቸው፣ "ይኼ ሰውዬ ጤናም የለው" ይላሉ።

አንድ እሑድ መሪያችን ተነሣና፣ ከእንግዲህ የምንሰበሰብበትን ቤት ራሳችን እንድናጸዳ መጠየቃችንን ነገረን። በክፍያ ታጸዳ የነበረችው ሴት የተሻለ ሥራ አግኝታ ሄዳለች፤ በምትኳ ሰው አይቀጠርም፤ በየቅዳሜው አንድ ቤተሰብ ተራ ይገባል። ከበዴሳ በሚኒባስ የሚመጣ አንድ ወንድም፣ "ጭቃውን ተሸክመን የምናመጣው እኛ፣ የምንጠርገውም እኛ" ብሎ አጉረመረመ። እኔ ስለ ጉልበቴ አሰብኩ። ባለቤቴ ግን አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ጨበጥ አደረገችው። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ፣ "አሁን ገባን" አለችኝ።

ይህች ቃል ታሪክ አላት። ባለቤቴ የሃላሌ አካባቢ ልጅ ናት። በአገሯ ሙሽራ የሙሽርነቷ ወራት እስኪያልቅ መጥረጊያ አትነካም፤ ቅቤ እየጠጣች፣ እየተቀባች ትቀመጣለች። እኔ እናቴ ቤት ሳስገባት፣ እናቴ የወላይታ ምራት ማምጣቴ ደስ አላላትም ነበር። አልተቆጣችም፤ ክፉ ቃልም አልወጣትም። መጥረጊያውን ብቻ አልሰጠቻትም። የሙሽርነት ወራት አልፎ፣ ክረምት ወጥቶ በጋ ሲገባ ሁሉ፣ ባለቤቴ ለሥራ ስትነሣ እናቴ፣ "ተቀመጪ ልጄ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ" ትላታለች። ጎረቤት ሁሉ፣ እንዴት ያለች ምራቷን የምታከብር አማት አለች ይል ነበር። ባለቤቴ ግን በዚያ ክብር ከሳች። አንድ ጠዋት እናቴ መጥረጊያውን ዘረጋችላትና፣ "እንኪ፣ ጓሮውን ጥረጊ" አለቻት። ጓሮውን ጠረገች፣ ደጁን ጠረገች፣ እያለቀሰች እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ መንገዱን ጠረገች። ያገባኋት በሠርጋችን ቀን ነው፤ እሷ ግን ቤታችን የገባሁት ያን ጠዋት ነው ትላለች።

ችግሩ ዓይኗ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ተራ ሲመጣ የባለቤቴ ዓይን እየጠፋ ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብታው ያቆይላት ይሆናል አለን። ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስማለችኝ። ቤታችንን በልቧ ስለምታውቀው እዚያ ምንም አይታወቅባትም። እሑድ ክንዴን ይዛ ስትሄድ ደግሞ ሰው ሌላ ነገር ይመስለዋል፤ በስተርጅና ፍቅር አገረሸባቸው ሲሉን ሰምቻለሁ። ዓይነ ስውር መሆኗን ካወቁ ከተራው እንደሚያወጧት ታውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ስለዚህ ጢም የሚከለክለውን መጥረጊያ አነሣሁ።

የምንሰበሰብበት ቤት የተከራየነው ቪላ ነው፤ አዳራሹ ነጭ ሴራሚክ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ። የሶዶ ቀይ ጭቃ ነጭ ሴራሚክ ላይ ሲደርቅ ምን እንደሚመስል እግዜር ያሳያችሁ። ባለቤቴ ወገቧን አስራ ከበሩ ትጀምራለች። መሐሉን እንደ ድሮዋ ታጸዳዋለች፤ ግድግዳው ሥርና ወንበሮቹ እግር አጠገብ ግን ጭቃው እንዳለ ይቀራል። እኔ ከኋላዋ እየሄድኩ የቀራትን እጠርጋለሁ። እንዳትሰማኝ መጥረጊያዬን የማሳርፈው እሷ መጥረጊያዋን ስታሳርፍ ነው። ስትጨርስ ትቆምና፣ "ንጹሕ ነው?" ትለኛለች። "ያበራል" እላታለሁ። በየተራችን እንዲህ ሆነ።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ ተራችን ደረሰ። በበዓል ሰሞን ከገጠርም ከከተማም እንግዳ ይበዛል፤ የክረምቱ ጭቃ ደግሞ ገና አልጠፋም። እኔ ሰውዬው ሐሳብ መጣልኝ። ወለሉ ካበራ ማን ማዕዘን ያያል አልኩና ከሱቄ መደርደሪያ ትልቁን የቀይ ሰም ጣሳ አነሣሁ። የሶዶ አሮጌ የሲሚንቶ ወለል ሁሉ ለበዓል የሚያብለጨልጨው በዚህ ሰም ነው፤ ስንቱን ጣሳ ሸጫለሁ። ለሴራሚክ ይሁን አይሁን ጠይቆኝ የሚያውቅ ደንበኛ አልነበረም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ባለቤቴ ወዲያ ማዶ ወንበር ስትወለውል እኔ ተንበርክኬ ቀባሁት። በመሐል ቀና ብላ፣ "ሰም ሸተተኝ" አለች።

"ከልብሴ ነው። ሱቅ ስውል የማይሸተኝ ነገር አለ?"

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ነጩ ወለል እንደ በርበሬ ቀላ፤ ለእኔ ደግሞ ያመረ መሰለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ መልቀሙንም አላወቅሁበት።

እሑድ ጠዋት መጀመሪያ የገባው መሪያችን ነው። ደብተርና መጽሐፉን እንዳቀፈ ከበሩ እስከ ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ሳይራመድ ደረሰ። ልጆቹ ነገሩ ሲገባቸው እየተንደረደሩ መንሸራተት ጀመሩ። የወደቁት ከወለል ሲነሡ የነጭ ቀሚሳቸው ኋላ ሁሉ ቀልቷል፤ የአንዲት እናት ነጠላ ጫፍ ቀለም የነከሩት መሰለ። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ምን ሆነው ነው የሚስቁት?" አለችኝ። "ልጆች ናቸው" አልኳት።

ከአምልኮ በኋላ መሪያችን ወደ እኛ መጣና ሁለታችንንም እጃችንን ይዞ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ "ጋሼ፣ እማማ፣ እናንተ የድርሻችሁን ሠርታችኋል። ከእንግዲህ ተራው ለጎልማሶቹ ይሁን። እናንተ ቁጭ ብላችሁ ጸልዩልን" አለን። ባለቤቴ መረቀችው። ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠችና፣ "ሙሽራ አደረጉኝ" አለች።

በሚቀጥለው እሑድ አልለበሰችም። ባለቤቴ አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት እምብዛም አትለይም፤ ሲከፋት ደግሞ ጨርሶ ትተወዋለች። "አንቺ ሂጂ" አለችኝ። "እኔ እንግዳ ሆኜ አልሄድም። በአማቴ ቤት እንግዳ ነበርኩ፣ ይበቃኛል።" በሌላው እሑድም እንዲሁ። ምግቡን ቀመስ አድርጋ ትተወዋለች፤ ጠብታውን ላድርግልሽ ስላት፣ "ምን ላይበት?" ትላለች። ዓይኗ ሲጠፋ ያልፈራሁትን ያን ሰሞን ፈራሁ። ያቺ ሴት ፊቴ እያለች እየራቀችኝ ነበር፣ እኔም ካለ እሷ መኖር አላውቅበትም።

ወደ ተራው የሚመልሳት አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ፤ እሱም ያስማለችኝን ማፍረስ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከነገርኩ በኋላ ሰው እጇን ይዞ እንደ ሕፃን ሲመራት፣ ይህን ያደረገው ባሌ ነው ልትል ትችላለች። ሁለት ቀን ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ደንበኛ ባልዲ ሲጠይቀኝ መጥረጊያ እየሰጠሁ አሰብኩ። በመጨረሻ ሱቁን ዘግቼ ወደ መሪያችን ቤት ወጣሁ። ከቀትር በኋላ ነበር፤ በረንዳ ላይ የፈተና ወረቀት ያርማል፣ የዳሞታ ተራራ ደመናውን ተከናንቧል።

"ሰሙ የእኔ ሥራ ነው" አልኩት። "እሷ አታውቅም። አታይም፣ ልጄ። ዓይኗ ጠፍቷል።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እናውቃለን፣ ጋሼ" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቅዳሜ። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ባለቤቴ ገብታ ትደግመዋለች። ያን ሳምንት ብቻ ወደ ተበላ ከተማ ገበያ ወርዳ ነበር። ባትወርድ ኖሮ ሰሙን ታየው ነበር።"

አንድ ወለል በሦስት ሰው ሲጠረግ ከርሟል ማለት ነው። ደሜ ፈላ። "እያወቃችሁ ዝም ካላችሁ አሁን ምን ቆርጧችሁ አወጣችኋት?"

አንገቱን ደፋ። "የፈራነው ለእርስዎ ነው፣ ጋሼ። የደም ግፊት አለብዎት። ያን ሁሉ ሰም ተንበርክከው ሲቀቡ አንድ ነገር ቢሆኑስ ብለን ነው። እርስዎን ብቻ አውጥተን እማማን ብቻቸውን ማስቀረትም አልሆነልንም።"

የእናቴን ቤት ነገር ነገርኩት፤ ሙሽራዋን፣ መጥረጊያውን፣ የዚያን ጠዋት እንባ። የወላይታ ልጅ ነውና ሳልጨርስ ገባው። የፈተናውን ወረቀት ሰብስቦ፣ እንደገና በትኖ፣ "እኛ ክብር መስሎን ነው" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። መሪያችንና ባለቤቱ ናቸው። ሚስትየው መጥረጊያ ይዛ በቀጥታ ወደ ባለቤቴ ሄደችና፣ "እማማ፣ ዛሬ ተራው የእኛ ነው፣ እኛ ብቻችንን አንችልም። ይነሡልን" ብላ መጥረጊያውን እጇ ውስጥ አስገባችው። ባለቤቴ እጀታውን ከላይ እስከ ታች በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"ነገርሽው፣ አይደል?"

"ነገርኩት" አልኩ።

ቁጣውን ጠበቅሁ። ጓዳ ገባች፤ የሥራ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች።

አዳራሹ ውስጥ እንደ ልማዷ ከበሩ ጀመረች። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላዋ ሆንኩ፣ የመሪያችን ሚስት ከእኔ ኋላ፣ መሪያችን ባልዲ ይዞ ከሁላችን ኋላ። የአዳራሹ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ቆመች። መጥረጊያውን ተደገፈች፤ ዘወርም አላለች።

"ሰው ሁሉ ከኋላዬ ነው" አለች። "እኔ እኮ የጠፋችብኝ ዓይን ናት፣ ጆሮ አይደለችም። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ሁለት መጥረጊያ ነው የምሰማው።"

እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ከኋላዬ አትጥረጉ። ከጎኔ ጥረጉ። የቀረኝ ካለ ቀረሽ በሉኝ፣ እኔ እጠርገዋለሁ።"

የመሪያችን ሚስት አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ግራዋ ሄደች። እኔም መጥረጊያዬን ይዤ በቀኟ ቆምኩ። ወደ በሩ ተመልሰን እንደገና ጀመርን፣ በአንድ ረድፍ። ከግድግዳው ጋ ስንደርስ አንድ ቀይ የጭቃ መስመር አለፈች፤ አፌ መጀመሪያ እንቢ አለኝ።

"ቀረሽ" አልኳት።

"የት ጋ?"

"ከግድግዳው ሥር፣ ከእግርሽ ፊት ለፊት።"

ተመለሰችና ጠረገችው፤ ደገመችው። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ቆማ፣ "ንጹሕ ነው?" አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። "ንጹሕ ነው" አልኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቴን ነበር።