የእትዬ አስካለ ቫን ወለል

ባለፈው ሳምንት በምሠራባት ከተማ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ለምሳ ስወጣ፣ የደረጃ መደገፊያ በሚበይዱ ሠራተኞች አጠገብ አለፍኩ። የተቃጠለው ብረት ሲሸት ሌላው ሰው ፊቱን አዞረ፤ እኔ ግን ቆሜ ማግሁት። እትዬ አስካለ ትዝ አሉኝ።

በልጅነቴ እትዬ አስካለ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ከኛ በታች ባለው አፓርታማ ይኖሩ ነበር። እናቴ የኤርፖርት ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ስለነበረች ጎህ ሳይቀድ ነው ሥራ የምትገባው። እንደሷ ማለዳ የሚገቡ ሁለት ሌሎች እናቶችም ነበሩ። የሁላችንንም ቁርስ አብልተው በአሮጌ ቫናቸው ትምህርት ቤት የሚያደርሱን እሳቸው ናቸው። ቫኗ በአንድ ወቅት ሰማያዊ ነበረች ይባላል። መስታወቷ ላይ የማርያም ሥዕል ተለጥፏል፣ ከወንበሮቿ ሥር የስንት ዘመን የብስኩት ፍርፋሪ ተከማችቷል። በክረምት በረዶውን እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሆዷን አዝጎ በልቷት፣ በኔ መቀመጫ ሥር ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር። ምንጣፉን ገለጥ አድርገን አስፋልቱ ሲሮጥ ማየት ለኛ ከካርቱን ይበልጥ ስለነበር፣ ለእናቶቻችን ማናችንም ትንፍሽ አላልንም።

ያጋለጠን ዓመታዊው የመኪና ምርመራ፣ ኢንስፔክሽኑ ነው። መርማሪው ቫኗን ጣላት። እትዬ አስካለ በሰው ምክር ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍነው፣ ቀለም ቀብተው ተመለሱ፤ ሰውየው ካቻቪቴውን ቢሰነቅርበት እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። ጋራዥ የጠራላቸው ዋጋ ደግሞ ሌላ ቫን ይገዛ ነበር። እናቴ ወሬውን ሰምታ ወረደች፣ ምንጣፉን ገልጣ አየችና ፊቷ አመድ መሰለ።

"እትዬ፣ አይቀየሙኝ፤ ልጄን እዚህ ላይ አላስቀምጥም። ሱፐርቫይዘሬን ኮል አድርጌ ሥራውን እለቃለሁ" አለች።

"እስከ ሰኞ ታገሺኝ" አሉ እሳቸው። "ራሴ እበይደዋለሁ።"

እትዬ አስካለ ከማማሰያ የከበደ መሣሪያ ጨብጠው አያውቁም። ቢሆንም እናቴ ሥራውን ብትለቅ ቤት ኪራዩ ከየት ይመጣል? እያጉረመረመች፣ እኔን ራሷ ትምህርት ቤት እንድታደርስ የሳምንቱን ፈረቃ ከባልደረባዋ ጋር ተቀያየረች።

በርክ የምትባል አጎራባች ከተማ የሚኖረው ወንድማቸው ከያርድ ሴል፣ ሰው በግቢው አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት፣ የገዛት ትንሽ የብየዳ ማሽን ነበረችው። ቀዳዳውን የሚሸፍነውን ላሜራ ከተጣለ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ጎን ቆረጡት። ቅዳሜ እኛንም በወንድማቸው መኪና አስጭነው ወደ ግቢው ሄዱ። ወንበሩንና ምንጣፉን አወጡ፣ ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈጉት፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ አስቀመጡ፣ ጭምብል አጠለቁ። የመጀመሪያው ሙከራ ቀዳዳውን አሰፋው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ስስ ብረት ሙቀት አይችልም፤ አንድ ነጥብ በይዶ፣ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ራቅ ብሎ ሌላ ነጥብ መበየድ ያስፈልጋል። ወንድማቸው ይህን ዩቲዩብ ላይ አይቶ ነገራቸው፤ ምን ያህል እንደሚጠበቅ ግን እሱም አላወቀም።

እትዬ አስካለ ትንሽ አሰቡና መላ ዘየዱ። ብርሃኑን እንዳናይ ፊታችንን ወደ አጥሩ አዙረው አቆሙንና፣ ወንድማቸው እየመራን አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ አሉን። "አሜን" ስንል አንድ ነጥብ ይበይዳሉ፤ እኛ እንደገና ከመጀመሪያው እንነሣለን። የሁላችንም ታናሽ የነበረው ናቲ ስለራበው ጸሎቱን ማስሮጥ ጀመረ፤ እኛም ተከትለነው ጋለብን። ከኋላችን ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማን። ብረቱ ሳይበርድ ተነክቶ ተበስቷል። ሊቆጡን ነው ብለን ስንሸማቀቅ ጭምብላቸውን ገለጥ አደረጉ።

"ቀስ በሉ ልጆቼ። እግዜርም ብረቱም አይቸኩሉም" አሉና ዳቦ አስመጡልን።

ከዚያ ወዲያ ቄስ እንኳ እንደኛ ረጋ ብለው አልደገሙም። ቤት ውስጥ በአማርኛ ስንጠራ "ዋት?" የምንል ልጆች፣ ጸሎቱን በቃላችን ያጠናነው በዚያ ግቢ ነው። ሲመሽ ቀዳዳው ተዘጋ። ብየዳው ጉብታ በጉብታ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀለም ቀብተው እንደ ሙሽራ ዞር ዞር ብለው አዩት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደወጣን ወደ ኢንስፔክሽኑ እናቴም አብራን ሄደች። መርማሪው ካቻቪቴውን ሲያነሣ እጄን ጨምቃ ያዘችው። ወጋው፤ ደግሞ ወጋው፤ በእጀታው ቀጠቀጠው። ብረቱ ጮኸ እንጂ አልተበሳም። "አግሊ፣ በት ስትሮንግ" አለና ማለፏን የሚያሳየውን ስቲከር ለጠፈ። እትዬ አስካለ "አስቀያሚ ግን ጠንካራ" ከሚለው የመጀመሪያዋን ቃል እንዳልሰሙ ሆነው አለፏት። እናቴ እዚያው ቆማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ እኔም ከደስታዬ ብዛት የማደርገው ጠፋኝ።

እትዬ አስካለ ካረፉ ቆይተዋል። እናቴ ከዚያ ሥራዋ ሳትነቀል እኔን ኮሌጅ አስገብታ አስመረቀችኝ፤ ይህም የሳቸው ውለታ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ከዚያ ሰኞ ቀጥሎ የመጣውን እሑድ ነው። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እናቴ እኔን አስነሥታ መቀመጫዬ ላይ ራሷ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች፣ ሁለቱንም እግሮቿን አዲሱ ወለል ላይ ዘረጋች። መኪና ውስጥ ሁልጊዜ መንገዱን ከሹፌሩ ብሳ የምትጠብቅ ሴት፣ የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ ሳንሻገር እንቅልፍ ወሰዳት።