የፌርፋክሱ ሚካኤል

ኬርጊቨር ነኝ። የማስታምማቸው እንግሊዛዊት አዛውንት፣ ሚስ ዶሪስ፣ የልጃቸውን ስም እንኳ ረስተው ነበር፤ የተወለዱባትን ትንሽ የገጠር መንደር ግን አልረሷትም። ችግሩ፣ መንደሯ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ ያለች ይመስላቸዋል።

በየቀኑ ዎክ ስናደርግ ያስጎበኙኛል። ባስ ስቶፑ የድሮው የውሃ ወፍጮ ነው፤ ላውንደሪው ዳክዬዎች የሚዋኙበት ኩሬ። ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ ቅዱስ ሚካኤል ነው። የአያቴም አያት እዚህ ነው ክርስትና የተነሳችው» ይሉኛል። ዓይኔ የሚያየው የቆሙ መኪናዎችን ነው፤ እጄ ግን ሚካኤል ሲባል ዝም አይልም። አማትቤ ጎንበስ እላለሁ።

ሚስ ዶሪስ ባለፈው ወር አረፉ። ትናንት ብቻዬን በዚያ ሳልፍ፣ ልማድ ሆኖብኝ ተሳለምኩ። ቀና ስል፣ ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገቤ ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ስትሳለሚ እያየሁ እኔም ከሱቄ ሆኜ አብሬሽ ስሳለም ከረምኩ። የማን ታቦት ነው?»

«ሚካኤል» አልኩ።

በሁለት መኪናዎች መሀል ተንበርክከው አስፋልቱን ሳሙት።

«ወይ ሚካኤል! ስምህን እንኳ ሳላውቅ ስለት ብሳልልህ፣ ያን የታመመ ልጄን ከአልጋ አነሳህልኝ!»