በኪዳነ ምሕረት ዕለት ያልተደመጠው ልጥፍ

«አንተን ብሎ የአውሮፕላን ጠጋኝ! ትናንት የለጠፍክልኝ የውሃ ታንከር ተተርትሮ የጎረቤቴን የፋንታን ጤፍ አበሰበሰው!»

ይህን ያሉት ወይዘሮ ፀሐይነሽ ናቸው፣ ከቢቸና በስልክ። የወንድማቸው ልጅ ይግዛው ሞጣ፣ እጮኛው ቤት ምሳ ላይ ነበር። ቀኝ እጁ ወጥ ስለነካ በግራው ስፒከሩን ተጫነ፤ ቤቱ በሙሉ ሰማ።

ይግዛው አዲስ አበባ አውሮፕላን ጥገና ላይ ይሠራል። ክንፍ ሲሰነጠቅ በፋይበርና በሙጫ ይለጠፋል፤ የእሱ ሥራ ልጥፉን በየጊዜው በትንሽ መዶሻ መታ መታ እያደረገ ማዳመጥ ነው። የያዘ ልጥፍ ድምፁ ጥርት ይላል፣ ከውስጥ የለቀቀ ግን ይታፈናል። ስልኩ ከመደወሉ በፊት ለእጮኛው አባት ለመሪጌታ ስጦታው፣ «ሳላዳምጥ ያሳለፍኩት ልጥፍ የለም» እያለ ሲያወራ ነበር።

መሪጌታ የጎረሱትን ዋጡና፣ «ይሄኛውንስ አዳምጠኸው ነበር ልጄ?» አሉት።

«ሙጫው ደርቆ የሚደመጠው ዛሬ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ በበዓል መዶሻ ላንሳ እንዴ?»

«ማዳመጥ መች ተከለከለ? እኛስ ቅዳሴ ስናዳምጥ አይደል ያረፈድነው?»

እጮኛው ውቢት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ይግዛው አንገቱን ደፍቶ እጁን ታጠበና በሚኒባስ ቢቸና ገባ። የተረፈውን ልጥፍ በጣቱ ቢመታው ድምፁ ታፈነ፤ ጫፉን ሲስበው እንደ እርጥብ ወረቀት ተላጠ። ከሥሩ፣ ሞጣ ለመድረስ ሲቸኩል ያልጠረገው አቧራ ነበር።

የፋንታን ጤፍ ዋጋ እዚያው ከፈለ። የታንከሩን ሊከፍል ሲል ግን አክስቱ እጁን መለሱት።

«ለሠርግህ አስቀምጠው» አሉት፤ «ልጅቷን ከሰጡህ።»