ግልባጭ፦ ለእትዬ ዘነበች

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና፣ ክረምቱ ወጥቶ የጠዋቱ ብርድ ጆሮ መቆንጠጥ በጀመረበት ሰሞን ነው። እኔ ብዙ ነገር የምረሳ ሰው ነኝ፤ የቤቴን ቁልፍ እንኳ በሳምንት ሁለቴ እፈልጋለሁ። ይህን ግን ልርሳው ብልም አልችልም። ስንት ዓመት ሳስተምረው የኖርኩትን ነገር እኔ ራሴ የተማርኩት በዚያ ሳምንት ነውና።

አትላስ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ግቢው ድሮ መኖሪያ ቤት ነበር። የስምንተኛ «ለ» ክፍሌ የዚያ ቤት ሳሎን ነበር ይባላል። ልጆቹ ሠላሳ ሁለት ናቸው።

ሳልደብቅ ልናገር፤ ቁጡ ነኝ። ቁጣዬ እንደ ወተት ነው፤ ዞር ሲሉ ግንፍል ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ይወርዳል። ችግሩ የሚወርደው ምድጃውን ካበላሸ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ስለ አቤቱታ አስተምሬ ነበር። ዜጋ ሲበደል ምን ያደርጋል? አይሳደብም፣ ድንጋይ አይወረውርም፤ ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ያቀርባል። ቀን የት እንደሚጻፍ፣ «ጉዳዩ» የት እንደሚገባ፣ ፊርማው የት እንደሚያርፍ በሰሌዳው ላይ አሳየኋቸው። ከታች «ግልባጭ» ብዬ ስጽፍ ናሆም እጁን አወጣ። አፉ የማያርፍ፣ እጁም ሥዕል ከመሞነጫጨር የማያርፍ ልጅ ነው።

«ሚስ፣ ግልባጭ ምንድን ነው?»

«ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው እንዲያውቀው የሚላክለት ቅጂ ነው» አልኩት።

ሌላም ብዙ ተናገርኩ። ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም አልኩ። በዚህ ክፍል ውስጥ ያለን ሁላችንም ዜጎች ነን፣ እኔንም ጨምሮ አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት። ምነው ያን ዕለት ጉሮሮዬ በተዘጋ!

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከእረፍት በኋላ ወደ ክፍል ስገባ ነጩ ሰሌዳ ላይ እኔ አለሁ። ፀጉሬ ተጠቅልሎ አናቴ ላይ፣ ያ ትልቁ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ፣ አፌ ጉሮሮዬ እስኪታይ ተከፍቶ። ከአፌ ውስጥ «ዝም በሉ!» የሚል ቃል ይወጣል። ሥዕሉ፣ እውነት ለመናገር፣ ቁርጥ እኔን ነበር።

ከሥዕሉ ፊት ማህሌት ቆማለች። ማርከር ይዛ የአፌን ዙሪያ ትስላለች።

ማህሌት የጽዳት ሠራተኛችን የዘነበች ልጅ ናት። ልጆቹ እናቷን እትዬ ዘነበች ይሏታል። ትምህርት ቤቱ ማህሌትን በነፃ ያስተምራታል። በክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም፤ ስሟን ስጠራ እንኳ «አቤት» የምትለው በከንፈሯ ነው። ፈተና ላይ ግን የሚደርስባት የለም። እና ከሁሉም ልጅ እሷ መሆኗ የባሰ አንገበገበኝ። እኔ እንደ ልጄ የማያት!

«ሚስ፣ እሷ እኮ…» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩ። ልክ ሥዕሉ ላይ እንደተጻፈው። አንድ ሁለቱ ሳቃቸው አመለጣቸው። ወተቱ ያኔ ገነፈለ።

«አንቺ ነሽ የሳልሽው?» አልኳት። ማህሌት መሬት መሬት አየች። «እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው? አትናገሪም?» ምንም። ማርከሩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች። ዝምታዋን ንቀት አደረግኩት።

አንድ ልጅ ዳስተር ይዞ ሊያጠፋው ሲነሳ «ማንም እንዳይነካው፤ ማስረጃ ነው!» አልኩ። ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት ሸፍኜ በፕላስተር ለጠፍኩት። በዚያው እግሬ ወደ ቢሮ ወርጄ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደረጃው ላይ ናሆም «ሚስ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» እያለ ተከተለኝ። «አሁን አይደለም!» ብዬ መለስኩት።

ዳይሬክተራችን ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቺ ልጅ በነፃ ነው የምትማረው። ማስጠንቀቂያ ከተጻፈባት ቦታዋን ታጣለች፤ ደንቡን ታውቂዋለሽ። ዓርብ ለባለቤቶቹ ማቅረብ አለብኝ። እስከዚያ ብታስቢበት ምን ይመስልሻል?»

«ደንብ ለሁሉም እኩል ነው» አልኩ። አቤት አፌ!

ረቡዕ ጠዋት ዘነበች ወሬው ደርሷት የመምህራን ክፍል በር ላይ ጠበቀችኝ። ወለል መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ።

«ቲቸር፣ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ ይማሩልኝ። ልጅነት ነው። እኔም ቆንጥጬ ልክ አስገብቻታለሁ። ከዚህ ከወጣች የት አስገባታለሁ?» ብላ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል በብብቷ ይዤ አነሳኋት።

«ዘነበች፣ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል» አልኳት።

ውሸቴን ነው። ደብዳቤው ገና ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ወርጄ «መልሱልኝ» ማለት እችል ነበር። እልህ ያዘኝ። ያን ቀን ወደ ሃያ ሁለት ስመለስ ታክሲው ውስጥ «ወራጅ» ማለት ረስቼ ቤቴን አልፌ ሄድኩ።

ሐሙስ ክፍል ስገባ ልጆቹ ሁሉ ተነሱ። ጸጥ ብለዋል። ስምንተኛ «ለ» ደግሞ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ናሆም ወደ ፊት መጣና የታጠፈ ወረቀት በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ገና ስከፍተው «እርስዎ» የሚል ቃል አየሁና ደነገጥኩ። እነዚህ ልጆች «ሚስ፣ አንቺ» ነው የሚሉኝ። እርስዎ ከተባልኩ ነገሩ ቀልድ አይደለም ማለት ነው።

«ጉዳዩ፦ ሳንሰማ ስለተፈረደብን» ይላል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል።

«እኛ የስምንተኛ ለ ዜጎች ይህን አቤቱታ የምናቀርበው በታላቅ አክብሮት ነው። ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም ብለው አስተምረውናል። ማክሰኞ ዕለት ግን ማንንም አልሰሙም። ሥዕሉን የሳለው ናሆም ነው፤ ከታች መጀመሪያ የፈረመውም እሱ ነው። ሊነግርዎት መጥቶ መልሰውታል። የሳለው በማይጠፋው ማርከር ስለሆነ በዳስተር አይለቅም። ማህሌት ስትስል አልነበረም፤ እያጠፋች ነበር። እንደዚህ ዓይነቱን ለማጥፋት መጀመሪያ ላዩ ላይ በሚጠፋው ማርከር መጻፍ ያስፈልጋል። ካላመኑን አስጠፍተው ይዩት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው እንዲነሳላት እንጠይቃለን።»

ከዚያ በተራ ቁጥር ፊርማ። አንዳንዱ እንደ ትልቅ ሰው አሽከርክሮ ፈርሟል፣ አንዳንዷ አበባ ጨምራለች። ሠላሳ አንድ ፊርማ። ተራ ቁጥር ሠላሳ ሁለት ላይ የማህሌት ስም ተጽፎ ፊርማው ባዶ ነው። ሠላሳ ሦስት ላይ «ሚስ» ይላል፤ እሱም ባዶ ነው።

«ማህሌት ለምን አልፈረመችም?» አልኩ።

«እናቷ ከለከለቻት፤ የባሰ ነገር ይመጣብሻል ብላ» አለ ናሆም።

«ይሄኛውስ? የእኔ ስም ምን ይሠራል?»

«አንቺም የዚህ ክፍል ዜጋ ነኝ ብለሻል። ካመንሽበት ትፈርሚያለሽ፤ ካላመንሽበት ትተይዋለሽ። ሚስ፣ እኔን አባሪኝ፤ እሷን ግን ተያት።» ይህን ብሎ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ያ አፈኛ ልጅ!

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሥዕሉን የሸፈንኩበትን ወረቀት ከሰሌዳው ላይ ላጥኩና ማህሌትን ጠራኋት። መጣች፤ ማርከሩን ሰጠኋት። በሚጠፋው ማርከር በጥቁሩ መስመር ላይ ደርባ ደርባ ጻፈችበት፤ ከዚያ በጨርቅ ስትጠርገው ሁለቱም አብረው ለቀቁ። መጀመሪያ የጠፋው አፌ ነበር።

«ማን አሳየሽ?»

«እማዬ። በፊት በቤንዚን ስታሸው እጇ ተልጦ ነበር። ኋላ ነው ይሄን ያወቀችው።» እስካሁን ከእሷ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነበር። «ከሰዓት መጥታ የምታጸዳው እሷ ናት። እንዳትደክም ሳታየው ላጥፋው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ የእኔ እናት?»

«እማዬ፣ ትልቅ ሰው ሲቆጣሽ መልስ አትመልሺ ትለኛለች።»

ከዚያ በኋላ አላስተማርኩም። ሠላሳ ሁለቱን ልጆች ይቅርታ ጠየቅኩ። ማህሌትን ለብቻዋ ደግሜ ጠየቅኳት። እንባዬን ለመደበቅ ወደ ሰሌዳው ዞርኩና ያለቀሰ አስተማሪ አይተው የማያውቁ ልጆች ሶፍት ይዘው ከበቡኝ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። ተራ ቁጥር ሠላሳ ሦስት ላይ ፈረምኩ።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ፊርማዬ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«በራስሽ ላይ ፈርመሽ መጣሽ?»

«አዎ። እውነት ስለሆነ።»

የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጥተው እዚያው ፊቴ ቀደዱት። ለካ እስከ ዓርብ አስቢበት ያሉኝ ይህን ጠብቀው ነው። ናሆም ለሁለት ሳምንት የክፍሉን ሰሌዳ እንዲያጸዳ ተስማማን። ልወጣ ስል «ቆይ፣ ግልባጩን አላየሽውም?» አሉኝ። በእርግጥም አላየሁትም ነበር። ከወረቀቱ ግርጌ እንዲህ ይላል፦ ግልባጭ፦ ለዳይሬክተር፣ ለወላጆች ኮሚቴ፣ ለእትዬ ዘነበች።

«ለእሷ ማን ያድርስላት?» አሉ።

«እኔ» አልኩ።

ዘነበች ከጓሮ ቧንቧው ጋ መወልወያዋን እያለቀለቀች ነበር። ወረቀት ይዤ ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ።

«የመባረሪያዋ ነው?»

«አይደለም፤ ደብዳቤው ተቀዷል። ልጅሽ ምንም አላጠፋችም። አጥፊዋ እኔ ነኝ፤ ትናንትም ዋሽቼሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

«ኧረ ቲቸር! ኧረ እኔን? ምን በወጣዎት!» እያለች እጇን በሽርጧ ጠራረገች፣ ወረቀቱን ተቀበለች። በቀለም ትምህርት ብዙ አልገፋችም፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ቆሜ ጠበቅኳት። ግርጌው ላይ ስትደርስ ጣቷን ስሟ ላይ አኖረች።

«ግልባጭ ማለት ምንድን ነው?»

«ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው እንዲያውቀው የሚላክለት ነው።»

«እኔን ይመለከተኛል ብለው ነው እነዚህ ልጆች?»

«ከማንም በላይ» አልኳት።

የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ «እኔም እኮ አልጠየቅኳትም፣ ቲቸር» አለችኝ። «ምን ሆነሽ ነው አላልኳትም። በቁንጥጫ ብቻ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔም አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ አንዲት ልጅ ላይ ሳንጠይቅ የፈረድን፣ እዚያ ቧንቧ ሥር ተላቀስን።

ማህሌትን አስጠራናት። ፈራ ተባ እያለች መጣች። እናቷ እጇን ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋቻትና «ነይ እስቲ፤ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ ምን ሆነሽ ነበር?» አለቻት።

ማህሌት መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ኋላ እጇን እያወናጨፈች ተረከችላት። የእኔ አኳኋን ጋ ስትደርስ አይታኝ አፈረች። «ንገሪያት፣ ንገሪያት፤ አትዝለዪ» አልኳት። ዘነበች በእንባዋ መሃል ሳቀች።

ሁሉንም ከሰማች በኋላ እስክሪብቶዬን ለመነችኝ። ከባልዲው ተነሳች፣ ወረቀቱን ባልዲው ላይ ዘረጋችውና እስክሪብቶውን ለልጇ ሰጠቻት።

«እንቺ ፈርሚ፤ ስምሽ ባዶውን አይደር» አለቻት።

ማህሌት የፈረመችበት ዋናው ወረቀት ቅጂ ተነስቶለት ፋይል ውስጥ ነው፤ የዘነበችን ግልባጭ እሷ ወስዳዋለች። አንድ ቅጂ እኔ ጋ፣ በዚያ በትልቁ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ቁጡነቴ ለቆኛል ብዬ አልዋሽም። ቱግ ሲለኝ ግን እጄን ቦርሳዬ ውስጥ እሰድና ወረቀቱን እዳስሰዋለሁ፤ ከዚያ «ምን ሆነሽ ነው?»፣ «ምን ሆነህ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ልጆቹ ነቅተውብኛል፤ እጄ ወደ ቦርሳው ሲሄድ ይሳሳቃሉ።

አሁንም ባሰብኩት ቁጥር አፍራለሁ፤ ከሐፍረቴ ግን ደስታዬ ይበልጣል። ማህሌት ዘንድሮ እጇን ታወጣለች። ስሟን ስጠራም «አቤት» ትላለች፤ በሩ ጋ ወለል የምትወለውለው እናቷ እስክትሰማ ድረስ።