ጠጅ ቤት መራጩ አባይነህ

ሐረር ከተማ ውስጥ የሚጠጣበት ቤት የሚቸግረው ሰው አልነበረም። አባይነህም ቢሆን ዕድሜውን ሙሉ አልቸገረውም፤ የቸገረው በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት ከሐሙስ እስከ ሰኞ ብቻ ነው። እነዚያ አምስት ቀናት ግን ሚስቱን ለተማርያምን ጨርቋን ሊያስጥሏት ምንም አልቀራቸውም።

በግንቡ በጀጎል ውስጥ ያሉትን ጠጅ ቤቶች እንደ አባይነህ የሚያውቅ ስለሌለ ነዋ የሚያናድደው! በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ከመንዝ መጥቶ የጉምሩክ ጸሐፊ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ ከተማው ግን የሚያውቀው በጽሕፈቱ አይደለም። ከድሬዳዋ በበቅሎ የሚመጣው ነጋዴ፣ ሙግት ያለበት ባላገር፣ ደመወዙን የተቀበለ ወታደር፣ ሁሉም "የት እንጠጣ?" ሲል አባይነህን ጠይቁ ይባላል። እሱ ደግሞ ጠጁን ብቻ አይቶ አይመርጥም። ቤት እንደ ሰው ጠባይ አለው ባይ ነው። ለሙግት ምክር የእልፍነሽ ቤት፤ እዚያ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ብርሌው ከፊቱ ይነሣል። ለጨዋታ ከመድኃኔ ዓለም ጀርባ ያለው የወይዘሮ ሰገነት ቤት፤ አዝማሪው ገብቶ የተቀመጠውን ሁሉ በግጥም ሳይነካካ አያሰናብትም። ወንበርና አረቄ ለሚወድ የግሪኩ ቤት። ለተማርያም ባሏ በዚህ ሙያው ስሙ ሲነሣ አንዳንዴ ትኮራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ታፍራለች።

ይህ ሰው ታዲያ ከታላቅ ወንድሙ ከአቶ ሀብተወልድ ጋር ሰባት ዓመት ተኳርፎ ነበር። ያኳረፋቸውም ያው ጠጅ ቤት ነው። የአቶ ሀብተወልድን ልጅ ገላነሽን የአንድ ባሻ ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ ይልካል። የሁለቱ ወገን ሰዎች ተቀምጠው የሚነጋገሩበትን ቦታ አባይነህ ይምረጥ ተባለ። እሱም ካለው ቤት ሁሉ መርጦ መርጦ የሰገነትን ቤት አለ። አዝማሪው ሞቅ ሲለው የሙሽራውን አያት በግጥም ጎሸም አደረጋቸው፤ የሙሽራው ወገኖች ኩታቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ጋብቻው በዚያው ቀረ። አቶ ሀብተወልድ "የልጄን ትዳር ለጨዋታህ ስትል አፈረስኸው" አሉ፤ አባይነህም አፉን አልያዘም። አንዱ የሌላውን ደጅ ላይረግጥ ተማማሉ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ አንዱ ወደ መሬት ሲያይ ሌላው ወደ ጣራ ነው።

ሐሙስ ዕለት ጎረቤታቸው ለገሠ ከአቶ ሀብተወልድ መልእክት ይዞ መጣ። አቶ ሀብተወልድ ሰኞ ጠዋት ዕቃቸውን አስጭነው፣ ከድሬዳዋ በባቡር ሸዋ ሊገቡ ነው። ገላነሽ እዚያ ባል አግብታ ልጆች ወልዳለች፤ እሷው ዘንድ ሊጦሩ ነው፤ አይመለሱም። ሳይሄዱ መታረቅ ይፈልጋሉ። በመሐላው ምክንያት እቤት መሆን ስለማይችል ጠጅ ቤት ይሁን፤ ቦታውን እሱ ይምረጥ ብለዋል አለ።

ለተማርያም በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። የባሏ ፊት ግን ጠቆረ።

"እሱ ይምረጥ ማለት ምን ማለት ነው? የድሮውን ሊያነሣብኝ ነው" አለ።

ዓርብን ጾም ነው ብሎ አሳለፈው። በጾም ቀን ስንቱን ብርሌ እንደጨለጠ ግን ለተማርያም ታውቃለች። ቅዳሜ ቤት ሊያይ ወጣ። ሲመለስ የእልፍነሽ ቤት ጭር ይላል፣ ለቅሶ ቤት ይመስላል አለ። የሰገነትን ስም ማንሣትም አልፈለገ። የግሪኩስ ብትለው፣ ወንበር ላይ እግር አንጠልጥሎ ወንድም ከወንድሙ ይታረቃል ወይ ብሎ ተቆጣት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ዞረ። አንዱ ቤት ጠጁ ገና ነው፣ አንዱ ዝንብ አለበት፣ የአንዱ ባለቤት ወሬ ታበዛለች፣ አንዱ ደጁ ወደ ምዕራቡ ወደ ቡዳ በር ስለሚያይ ፀሐይ ይገባዋል። ለተማርያም መጀመሪያ ለመነችው፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ኋላም ራቱን አቅርባ ጀርባዋን ሰጠችው። ወንድሙ ነገ ይሄዳል፤ እሱ ስለ ዝንብ ያወራል። በመጨረሻ አላስችል ብሏት ተናገረችው።

"ቤት አልጠፋህም። ያን ጊዜ ተሳስተህ መርጠሃል፤ አሁንም እሳሳታለሁ ብለህ ፈርተሃል። ፈርቻለሁ በልና ልቤን አሳርፈው።"

አባይነህ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ሰኞ ሲነጋ ብዕሩንና ቀለሙን ይዞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ጉምሩክ ሥራው ገባ።

ይህን ጊዜ ለተማርያም የሆነ ነገር ብልጭ አለላት። ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ወደ ሸዋ በር ወረደች። ጭነት የሚጫነው እዚያ ነው። በቅሎ ነጂዎቹ የሚጠጡባት የበለጡ ቤትም እዚያው ናት፤ አባይነህ ጠባይ የላትም እያለ ስሟን እንኳ የማይጠራት፣ ጭቃ ወለል ያላት አንዲት ክፍል። አቶ ሀብተወልድ በቅሎዎቻቸው እስኪጫኑ እዚያ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሽበታቸው ከምታስበው በላይ ሆኗል።

ባለ ትዳር ሴት ጠጅ ቤት አትገባም። የጸሐፊ ሚስትማ ጭራሽ አይታሰብም። ለተማርያም ገባች፤ መደቡ ላይ ቁጭ አለችና አንድ ብርሌ ቅጅልኝ አለች። ነጂዎቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ጠጅ ሻጯ በለጡ ደንግጣ፣ ከጠጁ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ቀዳችላት። አቶ ሀብተወልድ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ለተማርያም፣ ምን ነካሽ? ሰው ምን ይላል?"

"ይቀመጡ ጋሼ። ባሌ ቤት መምረጥ ስላቃተው እኔ መረጥሁለት።"

ከዚያም በደጁ በኩል ጎረቤቷን ጃሚላን ጠራቻት። ጃሚላ እዚያው መንገድ ዳር ሰፌድና ሙዳይ ዘርግታ ትሸጣለች። ጉምሩክ ሄደሽ፣ ሚስትህ በበለጡ ቤት ቁጭ ብላ ጠጅ ትጠጣለች በዪልኝ አለቻት። ጃሚላ ወላሂ እኔ ይህን ለሰው ባል አልናገርም ብላ ማለች። የለተማርያምን ፊት ስታይ ግን ሙዳዩን ለባልንጀራዋ አደራ ብላ ሄደች።

አባይነህ ባርኔጣውን እንኳ ሳያደርግ፣ ጣቱ ቀለም እንደነካ እያለከለከ ደረሰ። በመንገድ ላይ ስንት ሰው እንዳየው እግዜር ይወቀው። ሚስቱ ላይ ሊጮኽ አፉን ከፍቶ ገባና ወንድሙን አየ። ጩኸቱ እዚያው ቀረ። ጭቃው ላይ ወድቆ የወንድሙን ጉልበት ያዘ። አቶ ሀብተወልድ ብብቱን ይዘው አነሡት፤ ሁለቱም እንደ ሕፃን አለቀሱ። ነጂዎቹ ፊታቸውን አዙረው መጠጣታቸውን ቀጠሉ።

"ቦታውን ምረጥ ብለህ የላክህብኝ ልትወቅሰኝ ነው ብዬ ነው የቀረሁት" አለ አባይነህ፣ ሲቀመጡ።

"እኔ የላክሁትማ ምርጫህ አላሳዘነኝም ለማለት ነበር" አሉ አቶ ሀብተወልድ። "ያ የባሻ ልጅ በዓመቱ ሌላ ሴት አግብቶ በዱላ ዓይኗን አጠፋው። ያን የሰማሁ ቀን፣ ወንድሜ ልጄን ሳያውቅ አተረፈልኝ ብዬ ልነግርህ ወጣሁ። እደጅህ ድረስ መጣሁ። መሐላዬ ትዝ አለኝ፤ ደግሞም አፈርሁና ተመለስሁ።"

ለተማርያም ብርሌዋን አስቀመጠች።

"መቼ ነው እሱ፣ ጋሼ?"

"ስድስት ዓመት አለፈው።"

ስድስት ዓመት። በአንድ ግንብ ውስጥ፣ በአንድ ደብር፣ አንዱ የሌላውን የልጅ ሠርግ ሳይበላ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ሳይጠይቅ። ሁለቱንም በጥፊ ብታጮላቸው ደስ ባላት። ከደጅ የነጂዎቹ አለቃ፣ ጭነቱ አልቋል፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንነሣ አለ።