በሰሜን ተራሮች ላይ በረዶ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሰቆጣ ባለችው ቤቴ ምስር እየለቀምኩ ሬዲዮ እሰማ ነበር። እሰማ ነበር ማለቴ እንኳ ትክክል አይደለም፤ ሬዲዮው የእናቴ ነው። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ከጎኗ አይለይም፤ የሞት ማስታወቂያም ይሁን የሳሙና፣ አማርኛው ብዙም ባይገባት ሁሉንም በእኩል ትኩረት ታዳምጠዋለች። ዜናው አለቀና የአየር ትንበያው ተከተለ። በመጪዎቹ ቀናት ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ እንደሚኖር፣ በሰሜን ተራሮች ላይ ደግሞ በረዶ እንደሚጠበቅ አንባቢው ረጋ ባለ ድምፅ ተናገረ። እጄ ምስሩ ላይ ቀረ። እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ምን ልትጠይቀኝ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ልብስ ከገመድ ላይ ላንሳ ብዬ ወጣሁ።

ይህንኑ ትንበያ በዚሁ በኅዳር ወር፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሰው ሁሉን የሚያውቅበት ዕድሜ።

ቤታችን ደሃና ወረዳ ነበር፤ ገደል አፋፍ ላይ ከተቀመጡ ጥቂት ጎጆዎች አንዱ። እኔ ሰቆጣ ቤት ተከራይቼ ስምንተኛ ክፍል እማር ነበር። ለኅዳር ሚካኤል በዓል ወደ ቤት መጣሁ። መንገዱ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል፤ መጀመሪያ ቆላው ያቃጥላል፣ ከዚያ ዳገቱ ጉልበት ይጨርሳል፣ መጨረሻ ላይ የደጋው ንፋስ ላብን አካል ላይ ያደርቀዋል። የዚያን ዓመት ግን ድካሙ አልተሰማኝም። ግራና ቀኙ ገብስ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ዝናብ ቀርቶብን፣ የእርዳታ ስንዴ ተሰልፈን ስንቀበል ከርመናል፤ ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱም በድርቁ ሞቶብናል። እናቴ ከማሳው ዳር እሸት ቆርጣ፣ እንኩቶ አድርጋ በእጄ ስታስይዘኝ፣ ትኩሱን እፍ እያልኩ አለቀስኩ። ደስታ ነበር።

ያ ገብስ ለእኛ ምን ማለት እንደነበር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ወንድሜ ሞላ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ታጭቶለት ሠርጉ ሁለት ጊዜ ተላልፎበታል። አባቴ በመጣሁ ማግስት ምሳ ላይ፣ ሁላችንም እየሰማን እንዲህ አሉት፤

“ገብሱ ጎታ ከገባ ጥር ላይ እድርሃለሁ። ካልገባ ግን ሑመራ ወርደህ ሰሊጥ ማጨድህ ነው። ሌላ መላ የለኝም።”

“ይገባል አባ” አለ ሞላ። መሄድ አይፈልግም ነበር። ሞላ ጠዋት ተነስቶ ማሳውን አንድ ጊዜ ሳይዞር በሶ እንኳ የማይቀምስ ሰው ነበር።

ያኔ ቤት የነበረችው ሬዲዮ የሞላ ነበረች። ባትሪዎቿ ሲደክሙ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘሩና ዜና እስኪያልቅ ያደርሱናል። በቤታችን የምንነጋገረው በኽምጣንጋ፣ በዋግ አገው ቋንቋ ነው። አባቴ አማርኛ የሚችሉት ለገበያ ያህል ነበር፤ የሬዲዮው አማርኛ ይፈጥንባቸዋል። ስለዚህ እኔ ከሰቆጣ ስመጣ አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ይህን ሹመት ምን ያህል እወደው እንደነበር ዛሬ ሳስበው ያመኛል። አንዱን ቃል ሦስት አድርጌ፣ ድምፄን እንደ አንባቢው ጎርነን አድርጌ ነበር የምተረጉመው።

አባቴ ያንን ለሞላ በነገሩት ቀን ሬዲዮው ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ እንደሚኖር፣ በሰሜን ተራሮች ላይም በረዶ እንደሚጠበቅ ተናገረ። እኔ በኽምጣንጋ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩት፤ “ዝናብ ይመጣል። እኛ ተራሮች ላይ በረዶ ይወርዳል።”

አባቴ ግን አንዷን ቃል ራሳቸው ለቅመዋት ነበር።

“ሰሜን አይደል ያለው?”

“አዎ አባ።”

“ሰሜንማ ማዶ ነው።” በአገጫቸው ከተከዜ ወዲያ አመለከቱኝ።

ከቤታችን ጓሮ ሆኖ ለሚያይ፣ ሰማዩ ጠራ ባለ ጊዜ ከተከዜ ሸለቆ ባሻገር ሰማያዊ ተራሮች ይደረደራሉ። ያ አገር ሰሜን ይባላል። አማርኛ አቅጣጫውንም አገሩንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። አባቴ ትምህርት ቤት ስላልገቡ የሚያውቁት አንዱን ሰሜን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ስለገባሁ የማውቀው ሌላውን ብቻ ሆነ። ሳቅሁባቸው። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የአዋቂ ሳቅ ነበር። የኅብረተሰብ ትምህርት ደብተሬን አምጥቼ፣ በባለቀለም እርሳስ የሣልኩትን ካርታ ፊታቸው ዘረጋሁት።

“ይኸው አባ፣ ይዩት። ወደ ላይ ያለው ሁሉ ሰሜን ነው። እኛ እዚህ ጋ ነን። ሰሜን ማለት እኛ ነን።”

“እኛ ነን?”

“እኛ ነን።”

ካርታውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ሞላ ዞረው “ይሁን። የተማረችው እሷ ናት” አሉት። እንዲህ ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት እስከ ዛሬ አይለቀኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ ምናለ።

ገበሬ ያልሆነ አንባቢ እንዲገባው ነገሩን ልናገር። በረዶ የደረሰ ገብስ ላይ ከወረደ ዛላውን እዚያው ማሳው ላይ ወቅቶት ይሄዳል፤ ለቃርሚያ እንኳ አያስተርፍም። ስለዚህ በረዶ ይመጣል ከተባለ ቶሎ ማጨድ ነው። ዝናብ ከሆነ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ የቆመ ገብስ ዝናቡን ጠጥቶ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል፣ የታጨደው ነው መሬት ላይ ተኝቶ የሚበሰብሰው። ገብሳችን ገና አንድ ሳምንት ይቀረው ነበር። ሞላ ፍሬውን ነክሶ “ገና ይታኘካል፣ አልጠነከረም” አለ። እንዲህ ያለ እርጥብ ገብስ ቢከመር ይሞቅና ይሻግታል፤ ተዘርግቶ መድረቅ አለበት። ይህን ሁሉ አባቴ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ዝናቡንም ቢሆን ነግሬያቸዋለሁ። በረዶ ከተባለ በኋላ ግን ዝናብ የሚለውን ማን ይሰማል?

ደቦ ተጠራ። ጎረቤታችን አያ ሲሳይ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። አባቴ “የራስዎንስ አያጭዱም?” ሲሏቸው፣ “እኔ እንኳ ሰሜን ማዶ ይመስለኛል። የእኔ ገብስ ሳምንት ይቆይ” አሉ። ያንን ብለው ግን አልቀሩም፤ ጎንበስ ብለው ከጠዋት እስከ ማታ የእኛን አጨዱ። ሰዉ በሶውንና ጠላውን ይዞ እየተሳሳቀ ሠራ። አንዷ ሴት “ልጅሽ ባትማር በረዶ ይበላችሁ ነበር” ብላ እናቴን ስታመሰግናት ሰማሁ፤ ነዶ ስሸከም የሚታየኝ ሰው ሁሉ የሚያደንቀኝ መሰለኝ። በሁለተኛው ቀን ገብሱ በሙሉ ተጋደመ።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ጀመረ። በረዶ አልነበረውም። ነጎድጓድም አልነበረውም። ቀጭን፣ የማይቸኩል ዝናብ ነበር፤ ሦስት ቀን ከሦስት ሌሊት። መጀመሪያ ሞላ ሰሌኑን አወጣ። ቀጥሎ ቁርበቶቹን። ቀጥሎ የአልጋውን ልብስ። መጨረሻ ላይ ለሠርጉ የተሸመነለትን አዲስ ጋቢ አውጥቶ ነዶው ላይ አለበሰው፤ እናቴ “ተው” ብላ ስትለምነው “ገብሱ ከሌለ ሠርጉስ መቼ አለ?” አላት። ማሳውን ጋቢ አይሸፍነውም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ በረዶ እንዲወርድ ስለት ተሳልኩ። እውነቴን ነው። እንዳልሳሳት ብዬ የአገሬን እህል በረዶ እንዲመታው ለመንኩ።

ዝናቡ በጀመረ በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰማዩ ተገለጠ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እናቴ ከጓሮ ጠራችን። ከተከዜ ወዲያ ያሉት ተራሮች ጫፍ ጫፋቸው ነጭ ሆኗል። በረዶው ተኝቶበታል። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ በእኛ ላይ የደረሰው ባይደርስ ኖሮ ውብ ነው እል ነበር። አባቴ ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩ።

“ያውልሽ በረዶው” አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም። እያሳዩኝ ነበር።

ነዶውን ስንገለብጥ ነጫጭ ቡቃያዎች ከዛላው ወጥተዋል። ማሳው በሙሉ ብቅል ብቅል ሸተተ፤ ጠላ ሊጠመቅ የተሰጣ ብቅል። ሞላ አንድ እፍኝ አንስቶ አሸተተና “እሰይ እህቴ፣ የሠርጌን ብቅል በጊዜ አደረስሽልኝ” አለ። ሊያስቀኝ ነበር። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልሳቀም። የአያ ሲሳይ ገብስ አንገቱን ደፍቶ ሁለት ቀን ቆየ፣ ከዚያ ፀሐዩ አቀናው፤ በሳምንቱ አጨዱት። ለዘር ይሁናችሁ ብለው ከዚያው ቁናቸውን ሞልተው ላኩልን። ያንን ገብስ ስቀበል የነበረኝን ሐፍረት ለማንም አልመኝም።

ሞላ ከገና በፊት ሄደ። ወደ ተከዜ የሚወርደው ቁልቁለት ድረስ ሸኘሁት። ልብሱ በኩታ የተቋጠረች ትንሽ ነገር ናት፤ ጋቢው በስብሶ ተጥሏል። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ፤

“መንገዴ በሰሜን ነው። በረዶሽን በቅርብ አይቼ እነግርሻለሁ።”

በመጀመሪያው ዓመት ከሰሊጥ የተመለሱ ሰዎች ደህና ነው ብለው ሰላምታውን አደረሱ። በሁለተኛው ዓመት አንዱ ሱዳን ተሻገረ አለ። ሌላው የለም መተማ አይቼዋለሁ አለ። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው የለም። እጮኛው ሁለት ዓመት ጠብቃ ተዳረች፤ አልፈርድባትም። እኔም ስንቅ የሚቋጥርልኝ ስላልነበረ ትምህርቴን አቋረጥኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ በማታ ጨርሼ ሰቆጣ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ፤ የሰው ፋይል አውጥቼ እሰጣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ፤ ምንም ነገር አልተረጉምም።

አባቴ እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቃል አልወቀሱኝም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሬዲዮው ምን እንዳለ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ በገበያ አማርኛቸው ብቻቸውን ያዳምጣሉ፤ ያልገባቸው ሳይገባቸው ያልፋል። ሰዎች “ልጅ ነበርሽ” ይሉኛል። ነበርኩ። ልጅነቴ ግን ገብሱን አላደረቀውም፣ ሞላንም አልመለሰውም፤ እኔንም አላጽናናኝም።

ትናንት ልብሱን ይዤ ስገባ እናቴ ፊቷ እንደዞረ ነበር። ጥያቄውን ይዛ ጠብቃኛለች።

“በረዶው የት ነው አለ?”

“ሰሜን ነው እማ።”

“ማዶ ያለው ሰሜን?”

“አዎ። ማዶ ያለው።”

የምትለው እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ሬዲዮው ስለዚያ ተራራ ባነሳ ቁጥር የምትለው።

“እንግዲያ ሞላ በዚህ ሰሞንም አይመጣም። በዚያ ብርድ በምን ይሻገራል? ጋቢውን ገብሱ ላይ አልብሶ ነው የሄደው።”

“አዎ እማ” አልኳት። ተቀምጬ ምስሩን መልቀም ቀጠልኩ። አሁን ሰሜን የቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጠይቁኝ፣ አልሳሳትም። የሚታጨድ ገብስ የለኝም፤ ያለችኝ አንዲት እናት ናት፣ እሷም በትክክል በተረጎምኩላት ቁጥር የልጇን መምጫ አንድ ሰሞን ወደ ፊት ታስተላልፈዋለች።