ቀለሙ እንዳይደፋ

ማክሰኞ፣ ንጋት፣ ድሬዳዋ

«ካባትሽ ልብ ይልቅ ሐኪም የሚያሻው ያንቺ ምላስ ነው» አለኝ ሾፌሩ ፊት ለፊት። ገና ከከተማው ሳንወጣ «ቀስ በል» ስለው ሦስተኛዬ ነበር።

ጭነቱ ጨው፣ አቡጀዲና አባባ። አባባ የሐረር ችሎት ጸሐፊ ናቸው። ሥራ ላይ ልባቸው ከድቷቸው ወደቁ፤ ሦስት ወር ድሬዳዋ እኔ ቤት ተቀምጠው ታከሙ። ሐኪሙ እንዲመለሱ ፈቅዷል፦ «ቁጭ ብለው ይሥሩ፤ አይቸኩሉ።» ዳኛው ደግሞ ልከውባቸዋል፦ ዳግመኛ ከወደቁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ረፋድ፣ ሐረማያ

የደንገጎ ዳገት አንጀት ያወጣል። ሐይቁ ዳር መኪናው ውሃ ጠጣ፤ እኛ የበቆሎ እሸት ጋጥን። አባባ ሐይቁን አላዩትም። ጣታቸው ጭናቸው ላይ ይጽፋል። ሥራው ናፍቋቸዋል።

ረቡዕ፣ ሐረር

ችሎቱ ውስጥ አባባ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ባለጉዳይ ሲገባ አባባ ብድግ፦ «ኖር!»

«በእግዜር፣ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ሌላው ገባ፤ ብድግ። ረፋዱ ላይ ከንፈራቸው አመድ መሰለ።

«ታመዋል፤ ከእንግዲህ አይነሱላችሁም» አልኩ ለባለጉዳዮቹ።

«በሰው ፊት አታዋርጂኝ» አሉ አባባ። «ሰው ቆሞ እኔ ልቀመጥ?»

ተናድጄ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ ወረድኩ። እዚያ መጽሐፍ የሚጠርዙት አው አብዱላሂ የአባባ የወጣትነት ወዳጅ ናቸው። ስነግራቸው ሙጫ በነካው እጃቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

«ወላሂ፣ አባትሽ ለሰው ሳይነሣ ከሚቀር ይሞታል። ቀለም ግን ደፍቶ አያውቅም።» መጽሐፍ የሚጫኑበትን ሰፊ ሳንቃ ሰጡኝ። «ይህን ጉልበቱ ላይ፣ የቀለሙን ብልቃጥ እስከ አፉ ሞልተሽ እላዩ ላይ። ክዳኑን አንቺ ደብቂው።»

ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት ገቡ። አባባ ሊነሱ ሲሉ ቀለሙ ተወዛወዘ፤ ቀሩ።

«ኖር ብያለሁ እናቴ፤ ቀለሙ ይዞኝ ነው።»

«ምነው ጌታዬ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ልብስዎ ይበላሻል።»

ወዲያው ዳኛው ራሳቸው ገቡ። ቤቱ ሁሉ ተነሣ። አባባ ሳንቃውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ዳኛው እስከ አፉ የሞላውን ብልቃጥ አዩ።

«ተው፣ መዝገቡን ታበላሸዋለህ። ቁጭ ብለህ ጻፍ።»

አባባ እስኪመሽ ጻፉ። ከንፈራቸው መልኩ ተመለሰ።

ሐሙስ፣ ንጋት

ያው ሾፌር ወደ ድሬዳዋ ሊመልሰኝ ደጅ ሆኖ ጥሩምባውን ይነፋል። አባባ መደቡ ላይ ተቀምጠው በእግራቸው ጫማቸውን ይፈልጋሉ።

«እስከ በሩ ልሸኝሽ።»

ሳንቃውን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩ። ብልቃጡን እስከ አፉ ሞላሁት። ጉንጫቸውን ስሜ ወጣሁ።